አፍንጫው የማይደክም ልጅ

ለአባትህ ሳልነግረው ያለፈ፣ ለጓደኞቼ ያልተነፈስኩት፣ ከአንተም እስከ ዛሬ የደበቅኩት አንድ ነገር አለኝ፤ ልጅ ሳለህ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ የምንጫወተው የሽታ ጨዋታ፣ ጨዋታ አልነበረም።

ሰላምታ ከዚህ በፊት መምጣት እንደነበረበት አውቃለሁ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ግን ድፍረቱ እንደሚከዳኝ ስለማውቅ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። አሁን በወጉ ልጠይቅህ፤ ለመሆኑ እንዴት ነህ ልጄ? ጀርባህን እንዴት አደረገህ? አዲሱ ወንበር ተስማማህ ወይስ አሁንም ትራስ እየደገፍክ ነው የምትሠራው? ባለቤትህስ ደህና ናት? የልጅ ልጄስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ዝም ብሏል። ዓይኔም ገና ያነብልኛል። ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ልጅ መጽሐፍ ባወጣሁ ቁጥር «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊከሱ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። የሕግና የትንባሆ መጻሕፍት እያነበብኩ እንደሰነበትኩ ታውቃለች። አሁን አንተም ታውቃለህ።

ከወረቀቱ ራስጌ «ይድረስ» ብዬ ጻፍኩና ከእሱ ቀጥሎ ማን እንደሚገባ ስላጣሁ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። ስጨርስ እሞላዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን ሳህኑ ሳይነሳ ከቦርሳህ ወረቀት አውጥተህ «እማዬ፣ እስቲ እንደ ድሮው አድምጪኝ» አልከኝ። ከወንበርህ ተነስተህ፣ ልክ ተማሪ ሆነህ ግጥም ስታጠና እንደምታደርገው፣ እጅህን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አኑረህ አነበብክልኝ። የምክር ቤቱ የጤና ኮሚቴ የፍራፍሬ፣ የከረሜላና የናና ጣዕም የተጨመረበት ትንባሆ ሁሉ ከገበያ እንዲወጣ ረቂቅ አቅርቧል፤ ሐሙስ ደግሞ የደገፈውም የተቃወመውም ፊቱ ቀርቦ ይናገራል። አንተ የእኔው የድሮ ፋብሪካ ጠበቃ ሆነህ ትቆማለህ። አዋቂ ሰው የወደደውን የመምረጥ መብት አለው አልክ። ትንንሽ ሱቆች ከገበያቸው ግማሹን ያጣሉ አልክ። ከተከለከለ በኮንትሮባንድ ይገባል አልክ። ድምፅህ ያምራል፤ ከልጅነትህም ያምር ነበር። ምራቴ እንኳ ሹካዋን አስቀምጣ ነበር የምትሰማህ።

ከዚያ ያቺን ዓረፍተ ነገር አነበብክ። «ከእነዚህ ጣዕሞች ዝግጅት ጋር አንድም ልጅ ግንኙነት ኖሮት አያውቅም።»

እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ድርጅቱ በጽሑፍ አረጋግጦልኛል አልከኝ፤ ደግሞ ፈገግ ብለህ «ምነው እማዬ፣ አንቺም ኮሚቴ ሆንሽብኝ?» አልከኝ። ተነስቼ ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ። ምራቴ ይተዉት፣ እኔ አነሳዋለሁ እያለች ተከተለችኝ። ቧንቧውን ከፍቼ ሳህኖቹን አጠብኩ።

የሠራሁበትን ክፍል አይተኸው አታውቅም። «ጣፋጭ ቤት» እንለው ነበር። መስኮቱ የማይከፈት፣ ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ ነጭ ሸክላ የተለበጠ ረጅም ክፍል ነው። በአንድ ወገን የተከተፈው ትንባሆ በቀስታ በሚዞር ትልቅ በርሜል ውስጥ እንደ ልብስ ይገላበጣል፤ በሌላው ወገን የማጣፈጫው ፈሳሽ በሰማያዊ ጀሪካን ተደርድሯል። እኛ ሴቶቹ በመርጫ እንረጫለን፣ በእፍኛችን እያነሳን እናሸታለን፣ ያልበቃውን ደግመን እንረጫለን። ፊደል የለየሁት እዚያ ነው። የጀሪካኑን ስም ካላወቅሁ አሳስቼ ስለምቀዳ፣ ፍንጭት ጓደኛዬ በምሳ ሰዓት ጣቷን በጽሑፉ ላይ እያስኬደች ታስቆጥረኝ ነበር። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «እንጆሪ» ነው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ከዚያ ጀሪካን ላይ የተጀመረ ነው።

ሽታ እየለየ የሚሠራ ሰው አንድ ጣጣ አለበት፤ አፍንጫው ይደክማል። ጠዋት እንጆሪውን ከናናው አበጥሮ የሚለይ አፍንጫ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሳሙናና ሽንኩርት አይለይም። ፍንጭቷ «የእኛ አፍንጫ የተቀጠረው እስከ ምሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትርፍ ሰዓት ካልታሰበለት አይሠራም» እያለች ታስቀን ነበር። የክፍሉ ኃላፊ፣ ጠብታ እየቆጠረ ስለሚውል ጋሽ ጠብታ ያልነው ሰውዬ፣ ለዚህ አንድ መላ አመጣ። አዲስ ቅልቅል ሲሞከር ቀጫጭን ወረቀት በየዓይነቱ ይነክርና በፖስታ አድርጎ እናት ለሆንነው ያድለን ጀመር። የእናንተ አፍንጫ ሞቷል፣ የልጅ አፍንጫ ግን ገና ትኩስ ነው አለን። ጠረጴዛ ላይ ደርድሩላቸው፤ ምንም አትንገሯቸው፤ የትኛውን ደግመው እንደሚያነሱ ብቻ አይታችሁ ንገሩኝ አለን።

ያን ጊዜ ክፋት አልታየኝም። የዶለዶመ ቢላ ለጎረቤት ሰጥቶ እንደማስሞረድ ቆጠርኩት። ማንም ልጅ አጭሶ ይቅመሰው አላለም፤ ወረቀት ነው፣ ማሽተት ነው፣ ደግሞም አንተ ወደድከው።

ትዝ ይልሃል አይደል? ለባለቤትህ ስትነግራት ሰምቼሃለሁ። መጫወቻ መግዣ ባይኖራት እናቴ ከምንም ተነስታ ጨዋታ ትፈጥርልኝ ነበር፣ ዓይኔን በአባቴ ሻርፕ አስራ ሽታ ታስለየኝ ነበር ብለሃታል። ለልጅህም አስተምረሃታል። በተናገርከው ቁጥር እንደ ጥፊ ያርፍብኝ ነበር፤ አንተ ግን ፊቴ ሲቀላ ያፈርኩ ይመስልህ ነበር። አንዱን ወረቀት አሽትተህ የጥርስ ሳሙና ነው ትላለህ፤ ሌላውን የመምህርቴ ፀጉር ነው ትላለህ፤ ሌላውን ደግሞ የታመመ ሎሚ ነው ብለህ ትወረውረዋለህ። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ሳቄ እውነተኛ ነበር ልጄ። ይህንን ብቻ ከልብህ አታውጣው።

አንድ ማታ አንዱን ወረቀት አነሳህ፣ አስቀመጥክ፣ ደግመህ አነሳህ። ከዚያ ትራስህ ሥር ይዘኸው ተኛህ። እንጆሪና ናና ነበር።

ጠዋት ለጋሽ ጠብታ ነገርኩት። «ትራሱ ሥር?» አለኝ። አዎ፣ ትራሱ ሥር አልኩት። መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ጠረገና «እንግዲያው አገኘነው» አለ።

ሮዙ ፓኮ የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬ ፋይልህ ውስጥ ከሁሉም አብልጦ የሚሸጠው እሱ እንደሆነ አንብበሃል። ከወራት በኋላ ድርጅቱ ለሠራተኛ ልጆች የትምህርት ድጋፍ ሲያወጣ ያንተ ስም ከሁሉ ቀደመ። ጎበዝ ነበርክ፤ እሱን ማንም አይወስድብህም። ግን ሌሎችም ጎበዝ ልጆች ነበሩ፤ የፍንጭቷ ልጅ ከአንተ ይበልጥ ነበር። እሷ ምክንያቱን አውቃ አንድ ቀን ሳታነሳብኝ አንገቴን አቅፋ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ሮዙን ፓኮ ከትምህርት ቤትህ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ውስጥ፣ ከማስቲካውና ከከረሜላው ጎን ተደርድሮ ያየሁት ቀን ነው። አንተን ልቀበል መጥቼ በር ላይ ቆሜአለሁ። የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ልጆች ከሱቁ ጥግ ተጠግተው አንዲት ሲጋራ ይቀባበላሉ። አንደኛው ሲጀምር ገና መጀመሪያው መሆኑ ከአያያዙ ያስታውቃል፤ እንደ እርሳስ ነው የያዛት። ሳባት። እስኪያስለው ጠበቅሁ። አላሳለም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው፤ አለማሳሉ። መራራው ትንባሆ ልጅን በመጀመሪያው ቀን ያባርራል፤ ጉሮሮውን ይዞ፣ እንባውን አውጥቶ ወደ ቤትህ ሂድ ይለዋል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ማለት ነው። ጣፋጭ ቤት ውስጥ እየረጨን የምንውለው ያንን ዘበኛ ለማስተኛት ነበር።

አይቼ ምን አደረግሁ መሰለህ? በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ሌላ ፖስታ ሲሰጠኝም ተቀበልኩ። አንተ አድገህ ጨዋታው አስጠላኝ እስክትለኝ ድረስ ተቀበልኩ። አላወቅሁም ነበር ማለት የምችለው እስከዚያ ሱቅ በር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን እያወቅሁ ነው የሠራሁት፤ ለሌላ ሰው የማላክከው የእኔ ነው።

አባትህም አለ። እሱ እዚያው ፋብሪካ መጫኛ ክፍል እየሠራ መራራውን ሲያጨስ ኖረ። ሳሉ ሲብስበት ወደ ሮዙ ተሻገረ። እኔ ስቆጣ «ይሄ እኮ ፍራፍሬ ነው፤ ሐኪሙስ ፍራፍሬ አብዛ አይደል ያለኝ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ማጨሱ ሲያቅተው እንኳ ፓኮውን ከፍቶ ያሸተዋል። አንተ ከዩኒቨርሲቲ መጥተህ ጎኑ ተቀምጠህ «ይህን ሽታ ግን የት ነው የማውቀው?» አልክ። ከሥራ ልብሴ ላይ ነው አልኩህ። አባትህ ሳቀ፣ አንተም ሳቅህ፣ እኔም ሳቅሁ። እሱ እስከ መጨረሻው የወደደውን ሽታ ማን እንደመረጠለት ሳያውቅ ሄደ። ልነግረው አፌን የከፈትኩባቸው ቀናት ነበሩ። የውሃ ብርጭቆውን አቅርቤለት እመለሳለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት፣ ያነበብክልኝ ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን ጆሮዬ ላይ ሲጮህ አድሮ፣ ኮሚቴው ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ ላይ የተቀመጠው ወጣት ማንን ወክለው ነው የመጡት አለኝ። ድርጅት የለኝም አልኩት። አንድ ነገር መጻፍ አለበት እማማ ሲለኝ፣ «የወጥ ቤት ጠረጴዛ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ጡረተኛ» ብሎ ጻፈ።

ስሜን ከተናጋሪዎቹ መሃል አይተህ ደወልክልኝ። አልጮህክም፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። የድርጅቱ ሰዎች ቂም የያዘች ጡረተኛ ነው የሚሉሽ አልከኝ። ስንተኛ ክፍል እንደደረስሽ በሰው ፊት ይጠይቁሻል አልከኝ። እኔንም ከጉዳዩ ያነሱኛል፣ ከዚያም ሥራዬን አጣለሁ አልከኝ። ምን እንደምናገር ስትጠይቀኝ በስልክ አይሆንም፣ እጽፍልሃለሁ አልኩህ። መጨረሻ ላይ ድምፅህ እንደ ልጅነትህ ሆነና «እማዬ፣ ስለ እኔ ስትዪ ሐሙስን ቤትሽ ዋዪልኝ» አልከኝ።

አልውልም።

ስለ አንተ ስል ዝም ብዬ ኖሬአለሁ፤ ያ ዝምታ ምን እንዳፈራ አሁን በአንተ አፍ ሊነገር ነው። ልጄ ሳያውቅ ሲዋሽ ቁጭ ብዬ አላይም። አውቀህ ከዋሸህ ያንተ ጉዳይ ነው፤ ሳታውቅ ከዋሸህ ግን ውሸቱ የእኔ ነው። ስንተኛ ክፍል ደረስሽ ቢሉኝ አንድም አልደረስኩም እላቸዋለሁ። ከእናንተው ጀሪካን ላይ ነው ያነበብኩት እላቸዋለሁ። ቂም ይዛለች ካሉም ይበሉ። ቂሜ በራሴ ላይ ነው፤ የተረፈውን ነው ለእነሱ የማካፍላቸው።

ያነበብክልኝንም አልናቅሁትም። የባለ ሱቆቹ ነገር እውነት ነው፤ ከእኛ ሰፈር ጥግ ያለው ባለ ሱቅ ሮዙ ከተከለከለ ምን ልሸጥ ነው ብሎ ሲጨነቅ ሰምቼዋለሁ፤ ኮሚቴው ለእነሱ ጊዜ እንዲሰጥ እኔም እናገራለሁ። ኮንትሮባንድም ይመጣል ይሆናል። ተደብቆ የሚመጣ ነገር ግን ከትምህርት ቤት ፊት ለፊት፣ ከከረሜላ ጎን፣ በሕጻን ዓይን ልክ አይደረደርም። የአዋቂ ምርጫ ነው ላልከው ደግሞ፣ አዋቂው የትንባሆውን የራሱን ጣዕም ይውሰድ፤ ረቂቁ ያንን አልነካበትም። እንጆሪውን የመረጠው አዋቂ አልነበረም። የመረጥከው አንተ ነህ፤ ጥርስህን እየቀየርክ ነበር።

ሐሙስ ተነስተህ ማስረጃ አለዎት ወይ ብለህ ጠይቀኝ። የለኝም። ጋሽ ጠብታ ሞቷል። ፍንጭቷ ርቃ ሄዳ የት እንዳለች አላውቅም። ወረቀቶቹ በየማግስቱ ከቆሻሻ ጋር ተጥለዋል። ከእኔ ሌላ ያለው ምስክር አንድ ነው፤ እሱም ከፊት ለፊቴ ወንበር ላይ ይቀመጣል። «እርስዎ» ብለህ ጥራኝ፤ አልከፋም። አላውቃትም የምትል ከሆነም ቀና ብዬ አይሃለሁ እንጂ ወንበሬን አልለቅም።

ይቅርታ የምጠይቅህ ስለ ጨዋታው ነው። ካለህ ትዝታ ሁሉ የሞቀውን ወስጄብሃለሁ፤ ምን እንደምተካልህም አላውቅም። ስለምመሰክረው ግን ይቅርታ አልጠይቅህም።

ከጣፋጭ ቤት አንስቶ እስከ አባትህ ድረስ ያለውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ዛሬ ጠዋት ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። መዝገብ ላይ ያለው ወጣት ቆሞ ሁለት ገጽ አነበበና ወንበር ሳበልኝ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ለማንም አልገለበጥኩም፤ ለማንምም አልናገረውም።

እሑድ ስትሄዱ የልጅ ልጄ ሻርፗን ወንበሩ ላይ ረስታው ሄደች። ያንን ግራጫውን፣ ባለፈው ክረምት የሠራሁላትን። አጥፌ ላስቀምጥላት አነሳሁት። አፍንጫዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደ ልቡ አርፏል፤ እንደ ልጅ አፍንጫ ሆኗል። ሻርፑን እንደያዝኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱን ለማብራት እንኳ ሳልነሳ መሸ።

ምን እንደሸተተኝ አልጽፍልህም። ከነገርኩህ የአያት ጭንቀት ነው ትለኛለህ። ጠበቃ ነህ፤ ማስቲካ ነው፣ ሽቶ ነው፣ የጓደኛዋ ነው፣ አንድ ነገር አታጣለትም። ስለዚህ ሳላጥበው በላስቲክ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ክፍልህን ዝጋና ራስህ አሽትተው። ዓይንህን መሸፈን አያስፈልግህም። በቤታችን ካለነው ሁሉ የማይሳሳት አፍንጫ ያንተ ነው፤ አንድ ሌሊት ትራስህ ሥር ይዘኸው አድረሃል።

ከዚያ በኋላ አደራህን፣ አትጩህባት። ገና የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ የጣፈጣትን ነው ያነሳችው፣ አንተም እንዲሁ ነበር ያደረግኸው። የእስክሪብቶ መያዣዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈህ፣ የሚጽፈውን ከሚጨሰው ለይ። ብታለቅስ አቅፈህ አስለቅሳት። እኔ ዘንድ መምጣት ከፈለገች በሬ ክፍት ነው፤ አንተም ቢሆን ከሐሙስ በፊትም ከሐሙስ በኋላም ክፍት ነው። አዋቂ ናት፣ ምርጫዋ ነው እያልክ እንደማትነግረኝ ግን እርግጠኛ ነኝ።

እንጀራህን ከማታፍርበት ቦታ ያድርግልህ። የምትናገረው ቃል ዞሮ ወደ ቤትህ ሲገባ የማያስደነግጥህ ይሁን። ባለቤትህን ሳምልኝ። ልጅህን ደግሞ አንገቷ ሥር ጠለቅ አድርገህ ሳምልኝ። ዕድሜህ ከእኔ ይርዘም፣ ዝምታህ ከእኔ ይጠር።

እናትህ

አሁን ከራስጌ ባዶ የተውኩትን ልሙላ። ለጠበቃው እንዳልጽፍ፣ እሱን ሐሙስ ጠዋት መድረኩ ላይ አገኘዋለሁ።

ይድረስ፣ ለልጅቷ አባት።